«ይሄ ሳቅ የማን ነው?»

ጥያቄ፦ አዲስ መሥሪያ ቤት ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። እኔ ዝምተኛ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ግን ጨዋታ ወዳድ ናቸው፣ ሲቀላለዱ ነው የሚውሉት። እንዳልገለል ብዬ እነሱ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ያላየሁትን ፊልም አይቻለሁ እላለሁ፣ አንዷ ባልደረባችን በሌለችበት ስትታማ ደግሞ አብሬ አዎ አዎ እላለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ልቤን ይከብደኛል። ባለፈው ከአንዷ ጋር በስልክ ሳወራ ታናሽ እህቴ ሰምታኝ «ይሄ ሳቅ የማን ነው?» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ራሴን ልሁን ካልኩ ብቻዬን ልቀር ነው፣ እነሱን ልምሰል ካልኩ ደግሞ ራሴን መለየት እያቃተኝ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ሰው ምን ይለኛል አትበይ፣ ራስሽን ሁኚ» ብዬ መመለስ እችል ነበር፤ ግን ይሄ ምክር አንጀት አያርስም። ከሰው ጋር መቀላቀል መፈለግሽ ድክመት አይደለም። ቀኑን ሙሉ አብሮ እየዋሉ ባይተዋር ሆኖ መክረም ማንንም ይጎዳል። ደግሞም ከሰው ጋር ለመግባባት ትንሽ መለወጥ ሁሉ ማስመሰል አይደለም። ከአለቃው ጋር በሚያወራበት አንደበት ከእናቱ ጋር የሚያወራ የለም፣ እንደዚያም ሆኖ ሁለቱም ጋ ያው ራሱ ነው።

ስለዚህ የጻፍሽልኝን ነገሮች አንድ ላይ አትጨፍልቂያቸው። ሳቁ ብዙም አያሳስበኝም፣ ሳቅ ይጋባል። ፊልሙም ቀላል ነው። በሚቀጥለው «አላየሁትም፣ ስለምንድን ነው?» በያቸው። ሰው የወደደውን ፊልም መተረክ ይወዳል፤ እመኚኝ፣ አየሁ ካልሽበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ትቀርቢያቸዋለሽ።

እኔን የከበደኝ ሐሜቱ ነው። እዚያ ላይ የምትጎጂው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ መልስ መስጠት የማትችል ሰው አለች። ማታ ልብሽን የሚከብደውም ከዝምታሽ ሳይሆን ከዚህ «አዎ» የመጣ ይመስለኛል።

ሰሎሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሠራው ታዋቂ ሙከራ አለ። አንድ ሰው ከሌሎች ጋር ተቀምጦ አንድ መስመር ያያል፣ ከዚያ ከሦስት መስመሮች ውስጥ በርዝመት ከእሱ እኩል የሆነው የቱ እንደሆነ ይጠየቃል። መልሱ በዓይን የሚታይ ነው። ሌሎቹ ግን አስቀድሞ ተነግሯቸው ሁሉም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ከተሳታፊዎቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከሰዉ ጋር ተሳሳቱ። ሁሌ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ትክክለኛውን ሲናገር፣ አብሮ መሳሳቱ ቀድሞ ከነበረው ወደ ሩብ ያህል ወረደ። አንድ ሰው ብቻ!

እናንተም ጋ እንዳንቺ በግድ አዎ የሚል ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። ስብከት አያስፈልግም፣ ክርክርም አትግጠሚ። «እኔን እንኳን በደንብ ነው የረዳችኝ» ካልሽ ይበቃል፣ እውነት ከሆነ። ድምፅሽ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። እነሱም ዝም ሊሉ ይችላሉ፤ ያኔ አትደንግጪ፣ ያልሽውንም ለማስተባበል አትቸኩይ። የሚያኮርፍሽ አይጠፋም፣ አልዋሽሽም።

እህትሽን ግን እንዳትቀየሚያት። ትክክለኛውን ሳቅሽን ስለምታውቀው ነው የጠየቀችሽ። ያ ሳቅ ሥራ ቦታ ከማን ጋር ስትሆኚ ነው ሳታስቢው የሚያመልጥሽ? በዚህ ሳምንት እሱን ልብ በይ። ምናልባት ጨዋታው ውስጥ እምብዛም የማትገባው፣ ጥግ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ትሆናለች። በእረፍት ሰዓት ወንበርሽን ወደ እሷ ሳብ አድርጊ።