ጉግስ እሽቅድድም ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ልጄ ለትምህርት ቤት ጽሑፍ ስታዘጋጅ አግዣት «በድሮ ጊዜ መኳንንቱ በበዓል ቀን ጉግስ፣ ማለትም የፈረስ እሽቅድድም ያደርጉ ነበር» ብለን ጻፍን። ሐረር ያደጉት አባቴ አንብበው ሳቁብን። «ጉግስ ደግሞ ምኑ ነው እሽቅድድም!» አሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ አባትዎ ልክ ናቸው። ቢስቁም አይፈረድባቸውም።

«እሽቅድድም» የሚለውን ቃል ቢፈቱት ውስጡ «ቀደመ» አለ። ሁሉም «እኔ ልቅደም» ይላል፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጉግስ ላይ ግን ፊት ፊት የሚጋልበው ተባራሪው ነው። አባራሪው ከኋላ ደርሶ ዘንግ ይወረውርበታል። ተባራሪው በጋሻው ይመክታል፤ ወይም ከኮርቻው ዘንበል ብሎ ያሳልፈዋል። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ፈረሱ ሽምጥ መጋለቡ ብቻ አይበቃም፤ ልጓሙ ሳብ ሲል መታጠፍም አለበት። ለዚህ ነው ጉግስ «ይጫወቱታል» የምንለው። የጨዋታ ነገር ሆኖ እንጂ ቁም ነገሩ ጦርነት ነበር። ጦር በሌለበት ጊዜ ፈረሰኛው እጁን የሚያፍታታው በገና፣ በጥምቀትና በመስቀል ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡም ቆሞ ያያል። ማን ጎበዝ እንደሆነ፣ ማን ደግሞ በወሬ ብቻ እንደሚጋልብ እዚያው ይለያል። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚለው አነጋገር ጉረኛን አፍ የሚያስይዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፈረስ ለባለቤቱ ስም እስከመሆን የደረሰውም በዚህ ዓለም ነው። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። እዚህ ላይ «አባ» አባትም መነኩሴም አይደለም፤ «ባለቤት» ማለት ነው። «አባ ዳኘው» ዳኘው የተባለው ፈረስ ጌታ ነው። ስሞቹን ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ብዙዎቹ ግሥ ናቸው። «ታጠቅ» እና «በዝብዝ» ትእዛዝ ናቸው። «ዳኘው» ግን ያለቀ ነገር ነው፤ ተዳኝቶ አብቅቷል። እኔ በግሌ ይኼኛው ይበልጥ ያስፈራኛል።

የእናንተው አገር ገዢ የራስ መኰንን ፈረስ «ቃኘው» ነው። ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ሐረርን እንዲገዙ የሾሟቸው እሳቸውን ነው። «ቃኘ» ጠላት ያለበትን አገር ዞሮ አየ ማለት ነው፤ ክራር ሲቃኝም ቃሉ ያው ነው። ስሙ ከፈረሱም ከጌታውም በላይ ኖረ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር «ቃኘው ሻለቃ» ተባለ።

ሐረር ሲወጡ ደግሞ ፈረስ መጋላን አይተው ያልፋሉ። መጋላ ገበያ ነው፤ የፈረስ ገበያ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ፈረስ ፍለጋ ቢሄዱ የሚያገኙት ባጃጅ ነው።

የልጅዎን ጽሑፍ እንዲህ ብታርመው ይበቃል፦ «በድሮ ጊዜ መኳንንቱ በበዓል ቀን ጉግስ ይጫወቱ ነበር።» «ማለትም» የሚለውን ታውጣው። ጉግስ ምን እንደሆነ አያቷ ይንገሯት።