የመንግሥት ዲዛይን ቡድን፦ ስንት ሰው ይይዛል? ምን ያህል ያስወጣል? ምንስ ውጤት ያስገኛል? (ጥያቄና መልስ)

በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የዲዛይን ቡድን ውስጥ 14 ዓመት ያገለገልኩ አርክቴክት ነኝ። ባለፈው እሑድ በምንኖርበት በአዲስ አበባው ቦሌ አራብሳ፣ በሳይታችን ኮሙናል (የጋራ መገልገያ ሕንፃ) ውስጥ ጎረቤቶቼና በቅርቡ የተመረቁ ወጣቶች መንግሥት የራሱን አርክቴክቶች ቀጥሮ ማሠራቱ ያዋጣው እንደሆነ ሲጠይቁኝ አመሹ። በጥድፊያ የመለስኩትንም ሳልመልስ የቀረሁትንም እዚህ አሟልቼ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ቡድን ስንት ባለሙያ ይበቃዋል?

መልስ፦ ባለሙያ ሲባል ሁሉም አርክቴክት እንዳይመስላችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያን የመሳሰሉ የሕዝብ መገልገያዎችን ጥብቅ ቁጥጥር በሚጠይቀው በምድብ «ሐ» ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ አርክቴክቱ ብቻውን የትም አይደርስም። በእኔ ግምት ሁለት አርክቴክት፣ ሁለት ስትራክቸራል መሐንዲስ (የሕንፃውን ጥንካሬ የሚያሰላ)፣ አንድ የኤሌክትሪክና አንድ የሳኒተሪ (የውኃና የፍሳሽ መስመር) መሐንዲስ፣ አንድ ኳንቲቲ ሰርቬየር (የሥራውን መጠንና ዋጋ የሚያሰላ)፣ በድምሩ ሰባት ሰው ያለው ቡድን መካከለኛ ሥራዎችን በአግባቡ ይወጣል። በእኛ ቡድን የሳኒተሪው መደብ ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ ስለነበር የመጸዳጃ ቤቱን መስመር የምንስለው እኛ አርክቴክቶቹ ነበርን፤ ይህ ትክክል እንዳልነበረ ዛሬም አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ወጪውስ? ለአማካሪ ድርጅት ከመስጠት ይረክሳል?

መልስ፦ በወረቀት ላይ በጣም ይረክሳል። ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ስሌቱን ለማሳየት ያህል ብቻ፣ ሰባቱ ሰዎች በአማካይ 18,000 ብር ያገኛሉ ብንል የዓመት ደመወዛቸው 1,512,000 ብር ይሆናል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ሲታከልበት 1,678,320 ብር ይደርሳል። በአንጻሩ ግንባታው 150 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ አንድ ትምህርት ቤት ለአማካሪ ድርጅት ቢሰጥና የዲዛይን ክፍያው ሁለት በመቶ ቢሆን፣ ለዚያ አንድ ሥራ ብቻ ሦስት ሚሊዮን ብር ይወጣል።

ነገር ግን በዚህ ስሌት ብቻ የሚከራከሩ ኃላፊዎች ደጋግመው ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ደመወዙ ቢከፈልም፣ ወደ ሳይት ለሚያደርስ መኪና፣ ለነዳጅ፣ ለፕሎተር (ለትልልቅ ንድፍ ማተሚያ) እና ለአፈር ምርመራ በጀት ካልተያዘ፣ ርካሽ የተባለው ዲዛይን ዋጋውን የሚያስከፍለው ቁፋሮ ሲጀመር ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት? ምሳሌ ሊሰጡን ይችላሉ?

መልስ፦ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ያልተሠራበት የካፒታል በጀትም ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ሚያዝያ ላይ «ዲዛይኑ በአስቸኳይ ይድረስ» የሚል ደብዳቤ መምጣቱ የተለመደ ነበር። በአንዱ ዓመት ለሌላ ቦታ፣ ለቀይ አፈር የተሠራ ታይፒካል ዲዛይን (በየቦታው እንዲደገም የተዘጋጀ አንድ ዓይነት ንድፍ) ወስደን፣ የርዕስ ሳጥኑን (የፕሮጀክቱ ስም የሚጻፍበትን የንድፉን ጥግ) ቀይረን፣ በዚህ በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር ለሚሠራ ሕንፃ አስረከብን። በዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርቱ ላይ «የታቀደው ዲዛይን መቶ በመቶ ተከናውኗል» ተብሎ ተጻፈ።

በጥር ወር ሳይቱን ለማየት ስሄድ መሬቱ በበጋው ተሰነጣጥቆ ነበር። የብረት ሜትሬን በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ ብሰድደው 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለምንም ግፊት ወረደ። የአካባቢው ገበሬዎች መረሬ የሚሉት ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ከላዩ የተቀመጠውን ወለልና ግድግዳም አብሮ ያነሳል፣ ያወርዳል። መረሬው ተቆርጦ መጣልና በሰሌክት ማቴሪያል (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) መተካት ነበረበት፤ መሠረቱም እንደገና ተሰላ። በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረው ይህ ሁሉ በተጨማሪ ሥራ ተከፈለ፣ ግንባታውም ዘገየ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ቀን መጥቼ መሬቱን ረግጬ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። የቡድን ውጤት በተፈረመ ወረቀት ብዛት መለካት የለበትም የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ መለካት ያለበት ስንቱ ንድፍ ለቆመበት መሬት ተሠርቶ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለአገልግሎት በቃ በሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ታይፒካል ዲዛይን ይቅር ነው የሚሉት?

መልስ፦ አይደለም። እኛ ራሳችን የምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት የቆመው በተደጋገመ ንድፍ ነው፤ ድግግሞሹም ወጪን ለመቀነስ ረድቷል። ከመሬት በላይ ያለው ሊደገም ይችላል፤ መሠረቱ፣ የውኃ መውረጃውና የግቢው ከፍታ ግን በየቦታው እንደ አዲስ መታሰብ አለበት።

ጥያቄ፦ ጥሩ ጥሩዎቹ ባለሙያዎች ለምን ይለቃሉ?

መልስ፦ ደመወዝ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። ወጣት አርክቴክት የሳለው ሕንፃ ሲቆም ማየት ይፈልጋል። ክትትሉ ለሌላ ክፍል ተሰጥቶ እሱ ከቢሮ እንዳይወጣ ሲደረግ፣ ልምዱን ይዞ ወደ ግል ድርጅት ይሄዳል። በእሱ እግር የሚተካው ሰው ያንኑ ስሕተት ከመጀመሪያው ይጀምረዋል፤ ይህ ወጪ በየትኛውም የበጀት መደብ ላይ ተጽፎ አይታይም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ለአማካሪ ድርጅት ብንሰጥስ?

መልስ፦ ትልልቅና ውስብስብ ሥራዎችን መስጠት ተገቢ ነው። ሆኖም የቀረበለትን ንድፍ አንብቦ «ይህ ዓምድ ለምን በዛ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከውስጡ የሌለው መሥሪያ ቤት የሚገዛውን አያውቅም። የሲንጋፖር የቤቶች ልማት ቦርድ በ1960 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከ50,000 በላይ ቤቶችን የሠራው፣ አርክቴክቶችንና መሐንዲሶችን በራሱ ጣሪያ ሥር ይዞ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ነዋሪዎቹ በሰፈራችን ግንባታ ሲጀመር ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ ሁለት ነገር ጠይቁ። የአፈር ምርመራው የተደረገው በዚሁ ቦታ ላይ ነው ወይ? የምርመራ ጉድጓዶቹስ የት የት ተቆፈሩ? ቀጥሎም መሠረቱ ሲቆፈር ንድፉን የሠራው ሰው በአካል ይገኛል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ለሚያሠራው መሥሪያ ቤት የሚያቀርብ ደብዳቤ የምታዘጋጁ ከሆነ እኔም አብሬ እፈርማለሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ ቢደርስ ይሻላል።