ከደንገሉ እስከ ሊፕስቲኩ፦ ስለ ኢታይል ሴሉሎስ የጠየቃችሁኝ

«ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የምችለውን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ስሙ ያስፈራል። ለመሆኑ ምንድን ነው?

መልስ፦ የጥጥ፣ የእንጨት፣ የጣና ደንገልም ቃጫ ዋና ክፍሉ ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ውሃ ይስባል። የደንገል ታንኳ ሲቆይ ርሶ ይከብዳል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ዳር አውጥተው አቁመው ሲያደርቁት አይታችኋል። ፋብሪካ ውስጥ የእንጨት ወይም የጥጥ ሴሉሎስ በኮስቲክ ሶዳ ከራሰ በኋላ ኢታይል ክሎራይድ ከሚባል ኬሚካል ጋር ይዋሃዳል። ያኔ ውሃ የሚስበው ጎኑ በአብዛኛው ይሸፈናል። የሚወጣው ነጭ ዱቄት ኢታይል ሴሉሎስ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ አልኮል ውስጥ ግን ይሟሟል።

ጥያቄ፦ ሊፕስቲኬ ላይ ስሙን አየሁት። ምን ያደርጋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስስ ሽፋን ሆኖ ቀለሙን ያቆየዋል፤ ዘይቱንም ያረጋዋል። በሚያዝያ ሙቀት ሊፕስቲክ ቦርሳሽ ውስጥ የሚለሰልሰው በውስጡ ያለው ሰም ነው። ኢታይል ሴሉሎስ እስከ 130 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የጥፍር ቀለም ላይ ግን ዋናው ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው ዘመዱ ነው።

ጥያቄ፦ የኑግ ዘይት አርግቼበት ቅባት ብሠራስ?

መልስ፦ ሞክሬዋለሁ። ለብ ባለ ዘይት ላይ ስነሰንሰው እንደ ዱቄት ሥር ዘቀጠ። ሙቀቱን ወደ 140 ዲግሪ ሳደርሰው ቀስ እያለ ጠራ። ብርጭቆ ላይ ገልብጬ ሲቀዘቅዝ ማንኪያ አቆመ፤ የረጋ ቅቤ በሉት። ዘይቱ ግን በሙቀቱ ሽታው ተለወጠ፣ ፊቴን አልቀባውም። ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ የረጋ ዘይት ቋሊማ ላይ በስብ ፋንታ ይሞክራሉ። ዱቄቱን ደግሞ ከሰል አጠገብ አትበትኑት፣ ብናኙ ይቀጣጠላል።

ጥያቄ፦ ቢበላስ? ጾምስ?

መልስ፦ የምግብ ኮዱ ኢ462 ነው። ሆድ አይፈጨውም፣ እንዳለ ያልፋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እሱንና ዘመዶቹን ሴሉሎሶች ገምግሞ በቀን ይህን ያህል የሚል ገደብ አያስፈልጋቸውም ብሏል። ምግብ ላይ ብዙውን ጊዜ ጣዕምና ቫይታሚን ይሸፈንበታል። ከእፅዋት ስለሆነ እሱ ራሱ የጾም ነው። አብሮት ወተት ወይም ጄላቲን ገብቶ እንደሆነ ግን ዝርዝሩን አንብቡ።

ጥያቄ፦ አይስክሬም ላይ ያለው ሲኤምሲ (ካርቦክሲሜታይል ሴሉሎስ) ያው እሱ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዘመድ ናቸው። ሲኤምሲ ውሃ ወዳድ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ኪኒን መዋጥ ስለሚከብዳት ፈጭቼ ነው የምሰጣት። ችግር አለው?

መልስ፦ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ያንቺ ነው። አንዳንድ ኪኒን መድኃኒቱን በ12 ወይም በ24 ሰዓት ቀስ እያለ የሚለቀው በኢታይል ሴሉሎስ ሽፋን ነው። ስትፈጪው የቀኑ መጠን በአንዴ ደሟ ውስጥ ይገባል። ዛሬውኑ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ፋርማሲ ይዘሽ ሂጂ። በሽሮፕ የሚገኝ ከሆነ ሐኪሟ ይቀይርላታል።