ኳርተርባኩ ሰባት ጊዜ ወደቀ፣ ጥፋቱ የማን ነው? ስለ ኦፌንሲቭ ላይን ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል፣ ኳስ በእጅ ስለሚያዝበትና ስለሚወረወርበት ጨዋታ፣ በተለይ ስለ ኦፌንሲቭ ላይን፣ ማለት ኳሱን የያዘው ቡድን ፊት ስለሚሰለፉት አምስት ልጆች፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አምስት ስድስት ሰው ይጠይቃል ብዬ ሳስብ ጎርፍ ሆነብኝ። ስለ እኔ ባጭሩ፦ ያደግኩት ኮለምበስ ኦሃዮ ነው፣ ሃይስኩል ሦስት ዓመት ከአምስቱ አንዱ፣ ቀኝ ጋርድ ሆኜ ተጫውቻለሁ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትንንሽ ልጆች አሠለጥናለሁ። በሕይወቴ ኳስ ይዤ የሮጥኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ከሰው እጅ አምልጦ እኔ እግር ሥር ወድቆ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ከሀ ልጀምር። እነዚያ አምስት ግዙፍ ልጆች ምንድን ነው ሥራቸው? ልጄ «እማዬ ኳሱን ተዪውና እነሱን እዪ» ይለኛል፣ እኔ ግን የሚጋፋ ሰው ብቻ ነው የሚታየኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ልክ ነው። ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚያ ግፊያ ውስጥ ነው። መሃል ያለው ሴንተር ነው። ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይሰጣል፣ ይሄ ስናፕ ይባላል። ከሱ ግራና ቀኝ ጋርዶቹ አሉ፣ ከነሱ ቀጥሎ ዳር ላይ ታክሎቹ። ኳርተርባኩ፣ ማለት ስናፑን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ፣ እስኪወረውር ድረስ ማንም እንዳይደርስበት ይጋርዱታል፣ ሩጫ ሲሆን ደግሞ ለሯጩ በር ይከፍታሉ። ከ50 እስከ 79 ያለ ቁጥር ነው የሚለብሱት፤ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። ለዚህ ነው ስማቸውን ማንም የማያውቀው። ስማቸው በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ሲያጠፉ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሞክሩት፦ ከስናፕ በኋላ ያሉትን ሁለት ሰከንዶች ብቻ ኳሱን ይርሱት። አምስቱ ወደ ፊት ሄዱ ወይስ ወደ ኋላ ተገፉ? ይቺን ብቻ ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ላይንባከር፣ ማለት ከተከላካዩ መስመር ኋላ የምቆም ተከላካይ ነኝ፣ ካፒቴንም ነኝ። ባለፈው ጨዋታ ኳርተርባካችን ሰባት ጊዜ ሳክ ተደረገ፣ ማለት ኳሱን ሳይወረውር ተይዞ ተጣለ። ሩጫችንም የለም። አሠልጣኙ «ላይኑን አንተ አነጋግራቸው» አለኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ ምን እንደማትላቸው ልንገርህ። «ጠንክሩ» አትበላቸው። «ወኔ የላችሁም» አትበላቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ንም ተዋት፣ አበሻ ጓደኛ ካላቸው ሰምተዋታል።

ለምን መሰለህ? እኔ ላይ ደርሷል። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ካፒቴናችን ሯጭ ነበር። እረፍት ላይ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት «ያስሸነፋችሁን እናንተ አምስታችሁ ናችሁ» ብሎ ጮኸብን። እውነቱን ለመናገር መጥፎ ነበርን። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ስማ። ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ነገር ብቻ ነው የምናስበው፦ የሚቀጥለው ስህተት የኔ እንዳይሆን። እኔ ፊቴ ያለውን ልጅ አፍጥጬ ያዝኩ። ዲፌንሱ፣ ተከላካዩ ቡድን፣ ደግሞ ስተንት ሠራ፤ ማለት ኳርተርባኩን ሊጥሉ የሚመጡት ሁለት ልጆች ቦታ ተለዋውጠው ተሻግረው መጡ። ደንቡ ቀላል ነው፣ የኔን ሰው ለጎረቤቴ አሳልፌ መስጠት፣ የሱን መቀበል። እኔ ግን «የኔ ሰው እንዳያመልጠኝ» ብዬ ተከትዬው ሄድኩ። የለቀቅኩት ቦታ በር ሆነ። ኳርተርባካችን ጀርባውን ተመትቶ ወደቀ፣ ልጁ እስኪነሳ የቆየበት ጊዜ እስካሁን ትዝ ይለኛል። የተሰደበ ላይንማን ለብቻው ይጫወታል። ላይን ደግሞ ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ጥማድ በሬ አይተህ ታውቅ እንደሆነ፣ አንዱ ሲያፈጥንና አንዱ ሲጎተት ቀንበሩ ጠማማ ይሆናል፣ ትልሙም እንደዚያው።

ስለዚህ ከመናገርህ በፊት የጨዋታውን ፊልም እይ። ሰባቱን ሳክ አንድ በአንድ ቁጠር። የእናንተን ጨዋታ አላየሁትም፣ ግን ከልምድ ልገምት፦ ሁለቱ ወይ ሦስቱ ኳርተርባኩ ኳሱን ታቅፎ ስለቆየ ነው። አንዱ ሯጩ ብሊትዝ የሚመጣውን፣ ማለት ኳርተርባኩን ለመጣል ተጨማሪ ሆኖ የሚሮጠውን ሰው መጋረድ ስለረሳ ነው። አንዱ ተቀባዮቹ ከጠባቂዎቻቸው ስላልተላቀቁ ነው። የቀረው የላይኑ ነው። እንግዲህ ስብሰባ ላይ ሰባቱንም አምስቱ ልጆች ጫንቃ ላይ ብትጭን፣ ልጆቹ ፊልሙን አይተውታል፣ እንደማታውቅ ያውቁብሃል። አለቀ። ከዚያ በኋላ የምትለው ሁሉ ጩኸት ነው።

አሁን ምን በላቸው። አንተ ላይንባከር ነህ አይደል? ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም በየቀኑ በልምምድ ፊት ለፊት የምታያቸው አንተ ነህ። ገና ስናፕ ሳይደረግ ሩጫ ይሁን ውርወራ ከአቋማቸው ታነባለህ። መሬት የነካው እጁ ላይ ክብደቱን ጥሎ ጣቶቹ ነጭ ሲሆኑ ሩጫ ነው፣ መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ክብደቱን ወደ ኋላ ሲወስድ ውርወራ ነው። ይሄን ለእነሱ ነግረሃቸው ታውቃለህ? «ቀኝ ታክላችን ውርወራ ሲሆን ቀድሞ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ እኔ ካየሁት ሌላውም ያየዋል» በለው፣ ለብቻው፣ በጆሮው። ከዚያ ለአምስቱም «ሰኞ ከልምምድ በኋላ አስራ አምስት ደቂቃ እቆማለሁ፣ ሁለት የዲፌንስ ልጆች ይዤ እመጣለሁ፣ ስተንት እንሠራባችኋለን፣ እስኪሰለቻችሁ» በላቸው። ኳርተርባኩንም ይዘኸው ና። ኳሱን ቶሎ መልቀቅ የሱ ሥራ እንደሆነ እነሱ ባሉበት ይስማ፣ እሱም ይበል።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው። ተጫዋች ከሌለህ ካፒቴን ቢናገር ምን ሊረባ? የ2024ቱን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን አላየህም? ላይኑ ተሰባብሮ በሚሺጋን ተዋረዱ።

መልስ፦ አላየህም ትለኛለህ? እኔ የቡድኑ ከተማ ኮለምበስ ነው የምኖረው፣ ያን ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ግን ታሪኩን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የጣልከው።

በእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12፣ 2024 ኦሪገን ሜዳ ላይ 32 ለ31 ሲሸነፉ ግራ ታክሉ ጆሽ ሲመንስ ጉልበቱ ተጎዳ። ወቅቱ አለቀበት። ከዚያ በራሳቸው ሜዳ ነብራስካን 21 ለ17 አሸነፉ እንጂ ሩጫቸው 64 ያርድ ብቻ ነበር፣ ለኦሃዮ ስቴት ይሄ ነውር ነው። ምን አደረጉ? ግራ ጋርድ የነበረውን ዶኖቫን ጃክሰንን ታክል አደረጉት። ይሄ በወሬ ቀላል ነው። ጋርድ ግራም ቀኝም ሰው አለው፣ በጠባብ ቦታ ይታገላል። ታክል ዳር ላይ ለብቻው ነው፣ የሚመጣበት ደግሞ ፈጣኑ ልጅ ነው፣ እግርህ ካልፈጠነ ያልፍሃል። ጃክሰን ሊመረቅ የተቃረበ፣ በቦታው የታወቀ ጋርድ ነው፤ አዲስ ቦታ ላይ ቢዋረድ ለፕሮ፣ ለሙያ ቡድኖች፣ የሚኖረው ዋጋ ይወርዳል። ሄደ። እሱ በለቀቀው ቦታ ካርሰን ሂንዝማን ገባ።

ኖቬምበር ላይ ደግሞ ሴንተሩ ሴዝ ማክላፍሊን በልምምድ ላይ አኪለሱ፣ የተረከዙ ጅማት፣ ተበጠሰ። ሂንዝማን ወደ ሴንተር፣ ሉክ ሞንትጎመሪ ወደ ግራ ጋርድ። ከአምስቱ ቦታ ሦስቱ ተነቃንቋል። በዚህ ሁኔታ ኖቬምበር 30 ሚሺጋን መጣ፣ መሃሉ ላይ ሜሰን ግራሃምና ኬነት ግራንት ቆመዋል፣ ሁለቱም በሚቀጥለው ድራፍት፣ ፕሮ ቡድኖች ከኮሌጅ ተጫዋች በሚመርጡበት፣ በመጀመሪያው ዙር የተወሰዱ። ኦሃዮ ስቴት ግን ደግሞ ደጋግሞ ወደዚያው መሃል ሮጠ። 77 ያርድ። 13 ለ10 ተሸነፉ፣ በራሳቸው ሜዳ።

እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። ከዚያ በኋላ አዲስ ላይን አልመጣም። ያው አምስት ልጆች ቴነሲን 42 ለ17፣ ኦሪገንን 41 ለ21፣ ቴክሳስን 28 ለ14፣ ከዚያ ጃንዋሪ 20፣ 2025 ኖተርዳምን 34 ለ23 አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ። ከሚሺጋን በኋላ ሦስት ሳምንት አብረው ለመሥራት ጊዜ አገኙ፣ ይሄ አንድ ነገር ነው። ለእኔ የበለጠው ግን አሠልጣኞቹ የሚያዙት የጨዋታ ዓይነት መለወጡ ነው። ኳሱ ቶሎ ቶሎ ከኳርተርባኩ ከዊል ሃዋርድ እጅ መውጣት ጀመረ፣ ወደ ዳር፣ ወደ ተቀባዩ ጄረማያ ስሚዝ። ላይኑ ግድግዳ እንዲገፋ መገደዱ ቀረ። በሌላ አነጋገር አለቆቹም ድርሻቸውን አስተካከሉ። ጃክሰንም ዋጋው አልወረደም፣ በ2025ቱ ድራፍት 24ኛ ሆኖ ሚኒሶታ ወሰደው።

ስለ ማክላፍሊን አንዲት ነገር ልጨምር። ጃንዋሪ 1፣ 2024 ሮዝ ቦውል በሚባለው ጨዋታ አላባማ በሚሺጋን ሲሸነፍ የአላባማ ሴንተር እሱ ነበር፣ ስናፑ ዝቅ ዝቅ እያለ አስቸግሮ ነበርና ሰው ሁሉ ወረደበት። ወደ ኦሃዮ ስቴት ተዛወረ። በዚያው ዓመት ሪሚንግተን ትሮፊን፣ የኮሌጅ ምርጥ ሴንተር ሽልማትን፣ ወሰደ። ያው ልጅ፣ ያው እጅ።

ጥያቄ፦ አባቴ በየጨዋታው «ሆልዲንግ! ሆልዲንግ!» እያለ ይጮሃል። እውነት ሁልጊዜ አለ?

መልስ፦ ሆልዲንግ ማለት ተጋጣሚን ይዞ ማስቀረት ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይያያዛሉ። እጅህ ተጋጣሚህ ደረት ላይ፣ በትከሻዎቹ መካከል እስካለ ድረስ ዳኛው ብዙ ጊዜ ያልፍሃል። ልጁ ሊያልፍህ ሲል ከጎን ወይም ከኋላ ማልያውን ከጎተትክ የዳኛው የቅጣት ጨርቅ ይወረወራል፣ 10 ያርድ ወደ ኋላ። አባትህን ሰላም በልልኝ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ታክል ነው። አሠልጣኙ ኪሎ ጨምር ይለዋል። እኛ ቤት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሄን እኔም ኖሬበታለሁ። የሃይስኩል ጨዋታ ዓርብ ማታ ነው፣ ምን ይደረግ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ቢሆንም የሚውለው ከጨዋታ ወቅት ውጪ፣ ብረት በሚነሳበት ጊዜ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ የለውዝ ቅቤ በብዛት ካለ ልጁ ኪሎ አይጠፋበትም። እናቴ ምስር በሩዝ በምሳ ዕቃ ትቋጥርልኝ ነበር፣ የቡድኑ ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ መሻማት ጀመሩ።

የሚያስቸግረው ፍልሰታ ነው። ነሐሴ 1 ይገባል፣ ያኔ ደግሞ የልምምድ ካምፕ ነው፣ ሄልሜትና ትከሻ መከላከያ ለብሰው ፀሐይ ላይ ናቸው። በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መዋል ቀልድ አይደለም፣ ልጅ ይጥላል። የኔ የንስሐ አባት ሲሰሙ ሳያቅማሙ ውሃ ጠጣ አሉኝ። የናንተንም ሄደው ያነጋግሯቸው፣ ልጁም አብሮዎት ይሂድ። ለአሠልጣኙም ይንገሩት። ልጁ ሁለቱንም ደብቆ እየተጨነቀ መሃል ላይ እንዳይቀር።

ጥያቄ፦ 95 ኪሎ ነኝ። ላይን መጫወት እወዳለሁ። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ጋ በዚህ ኪሎ አይሆንም፣ አልዋሽህም። እዚያ 136 ኪሎና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። ትንሽ ኮሌጅ ግን ይቻላል፣ ኪሎም ይጨመራል። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ። ጆ ሙር አዋርድ የሚባል ሽልማት አለ፣ ከ2015 ጀምሮ የሚሰጥ፣ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሙሉ ላይን። ሚሺጋን በ2021ና በ2022 ተከታትሎ ወስዶታል። በ2024 የወሰደው ማን ነው? አርሚ፣ የዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ ካዴቶች። እንደ ትልልቆቹ ግዙፍ ልጆች አይደሉም። ግን ዝቅ ብለው ይነሳሉ፣ አምስቱም በአንድ እርምጃ ይነሳሉ፣ ያን ዓመት 12 ጨዋታ አሸነፉ። በዚህ ጨዋታ ዝቅ ያለው ነው የሚገፋው። ጉልበትህን እጠፍ፣ ወገብህን ሳይሆን።

ጥያቄ፦ እንግዳ ሜዳ ላይ ጩኸቱ እንዲያ ሆኖ ስናፑ መቼ እንደሆነ በምን ይሰማሉ?

መልስ፦ አይሰሙም። ብዙ ጊዜ ጋርዱ ወደ ኋላ ዞሮ ኳርተርባኩን ያያል፣ ምልክቱን ሲያይ ሴንተሩን መታ ያደርገዋል፣ ሴንተሩ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ ከዚያ በልባቸው ቆጥረው ይነሳሉ። አንዱ ቀድሞ ከተነቃነቀ 5 ያርድ ይቀጣሉ። እኛ ይሄን የምንለማመደው በትልቅ ስፒከር ሙዚቃ ተከፍቶ ነበር፣ ጎረቤት ፖሊስ እስኪጠራብን።

ጥያቄ፦ ላይንባከሩ ካፒቴን ነኝ፣ ተመልሼ መጣሁ። ታክሉን ለብቻው ነገርኩት። ሰኞ እቆማለሁ አልኳቸው። አንዳቸውም አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም። ላይንማን እንደዚያ ነው፣ ዝም ብሎ ጫማውን ያስራል። ሰኞ ቀድመህ ሂድና ቁም። ሴንተሩ «ያቺን ስተንት ድገማት» ካለህ ገብተሃል። ታክሉ ደግሞ አቋሙን አስተካክሎ ማንበብ ካቃተህ፣ እሱን ለኔም ጻፍልኝ።