ብርሃን በአፖርፊን አልካሎይድ ሥራ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የኑሲፈሪንን (የአፖርፊን አልካሎይድ፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለው የተክል ውህድ) ቀለበት በብርሃን ለመዝጋት ከየት ልነሣ?

መልስ፦ ከ6፣7-ዳይሜቶክሲ ቤንዚሊዲን ቴትራሃይድሮአይሶኩይኖሊን። ኬሚስቱ ካቫና ባልደረቦቹ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት መንገድ ነው። ናይትሮጅኑ በኤቶክሲካርቦኒል (መከላከያ ቡድን) ይሸፈን፤ ያልተሸፈነ አሚን (የናይትሮጅኑ ክፍል) ኤሌክትሮኑን ብርሃን ለዋጠው ሞለኪውል ሰጥቶ ሥራውን ያከሽፋል። ከዚህ መነሻ 177 ሚሊግራም (0.5 ሚሊሞል) በ250 ሚሊ ሊትር ቶሉዊን አሟሙ፤ 140 ሚሊግራም አዮዲን ጨምሩ። አየሩ እንዲወጣ አርጎን 30 ደቂቃ ንፉበት። 1.75 ሚሊ ሊትር ፕሮፒሊን ኦክሳይድ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ34 ዲግሪ ስለሚፈላ ጋዙ ጠርጎ ይወስደዋል። መብራቱ መካከለኛ ግፊት ያለው ሜርኩሪ ይሁን፣ ሽፋኑ ፓይሬክስ (አጭሩን ሞገድ የሚያስቀር ብርጭቆ)። በኳርትዝ አይሞከር፤ አጭሩ ሞገድ ምርቱንም ያበላሻል። በየግማሽ ሰዓቱ ቲኤልሲ (በቀጭን ንጣፍ ላይ ውህዶችን የሚለይ ፈተና) እዩ፣ መነሻው እንዳለቀ አጥፉ።

ጥያቄ፦ ጥቂት አዮዲንና አየር አይበቃም?

መልስ፦ ቀለበቱ ሲዘጋ ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይወጣል፤ እሱ የመነሻውን ድርብ ቦንድ ይቀንሰዋል (ሃይድሮጅን ይጨምርበታል)። ኬሚስቱ ካትዝ በ1991 ፕሮፒሊን ኦክሳይድ ያስገባው ይህን አሲድ እንዲይዝለት ነው። አሲዱ ከተያዘ፣ አየርም ከሌለ፣ አዮዲን አይታደስም። ስለዚህ በሞል ከመነሻው 1.1 እጥፍ አዮዲን ግድ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ አልሠራም። ለምን?

መልስ፦ የመነሻው ክምችት (በአንድ ሊትር ስንት ሚሊሞል) ስንት ነው? መብራቱስ? አርጎን ተነፍቷል? እነዚህን ሳትጽፍ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ 20 ሚሊሞላር። ሰማያዊ ኤልኢዲ።

መልስ፦ ከላይ ከተባለው 2 ሚሊሞላር አሥር እጥፍ ወፍሯል፤ ሁለት ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ኤልኢዲውም አይሆንም።

ሌላ አባል፦ ኤልኢዲ አይሆንም ማለት ይከብዳል። ኬሚስቱ ስቲቨንሰን በ2010 ቴትራሃይድሮአይሶኩይኖሊንን ከናይትሮሜቴን ጋር ያያያዘው በሚታይ ብርሃን ነው።

ሦስተኛ አባል፦ እሱ የኢሪዲየም ካታሊስት ስላለበት ነው፤ ብርሃኑን የሚውጠው ካታሊስቱ ነው። እዚህ የሚውጠው ራሱ መነሻው ነው፣ ሰማያዊውን ደግሞ አይውጥም።

መልስ፦ ልክ ነው። ወደ ጉዳዩ እንመለስ።

ጥያቄ፦ አሚኑን ሳልሸፍን ብሞክረውስ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ሸፍኑ። አርጎን ንፉ።

ጥያቄ፦ 5 ግራም ብፈልግ?

መልስ፦ ትልቅ ብልቃጥ አትፈልጉ። ብርሃኑ ግድግዳው አጠገብ ተውጦ ያልቃል፤ መሐሉ ጨለማ ነው። ኬሚስቱ ቡከር-ሚልበርን በ2005 እንዳሳየው ኤፍኢፒ (ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ) ቱቦ በመብራቱ ዙሪያ ጠምጥማችሁ በፓምፕ አሳልፉ። ቅጥነቱን ግን አትንኩ፣ 2 ሚሊሞላር። የማቀዝቀዣው ውኃ ሲቋረጥ መብራቱ በራሱ እንዲጠፋ አድርጉ፤ ፕሮፒሊን ኦክሳይድ ተቀጣጣይ ነው፣ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። ያለ ዩቪ መነጽር ማንም አይቅረብ።

ጥያቄ፦ የትኛው ኢናንሽዮመር (እንደ ግራና ቀኝ እጅ የመስተዋት ምስል የሆኑት ሁለት ቅርጾች) ይወጣል?

መልስ፦ ከመብራቱ ሥር የሚወጣው ዲሃይድሮአፖርፊን (ድርብ ቦንዱ ያልተቀነሰ አፖርፊን) ነው፤ የእጅ ጉዳይ ገና የለበትም። ያ የሚወሰነው በኋላ ድርብ ቦንዱ ሲቀነስ ነው፤ በተራ ቅነሳ ሁለቱም እኩል ይወጣሉ።