«ይቆጠርልኛል አይደል?» ብላ ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ከመካከላችሁ አንዷ ወደ እኔ ቀርባ «ጋሼ፣ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የምወስደው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይቆጠርልኛል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮሙኒቲ ኮሌጅ የምንለው ሁለት ዓመት ያህል ተምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩበትን ኮሌጅ ነው። ልጅቷ ከወላጆቿ ጋር በዲቪ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ነርስ ለመሆን ታስባለች። እናቷም በአጠገቧ ቆማ «አዎ» እንድላት ትጠብቅ ነበር። እኔ ግን «እስቲ ላስብበት» ብዬ ስኒዬን እንደያዝኩ ዞር አልኩ። እናትየዋ እንደ ኩራት ሳትቆጥርብኝ አልቀረችም። ኩራት አልነበረም። ይህንኑ ጥያቄ፣ በዚሁ ቃል ማለት ይቻላል፣ ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ሰው ጠይቆኝ ሳላመነታ መልሼለት ነበር።

ጊዜው 1998 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር እጽፋለሁ። ዋሽንግተን መሀል ከተማ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር በሚገኝ ፓርኪንግ የማታ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ለብዙዎቻችን ፓርኪንግ ሁለተኛው መማሪያ ክፍላችን ነበር፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መኪናው ስለሚቀንስ በዚያች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማሞቂያውን ከእግራችን ሥር አድርገን የቤት ሥራችንን እንሠራ ነበር። መጽሐፍ ውድ በመሆኑም አንዱን ለሦስት ገዝተን፣ ፈረቃ ስንቀያየር ከቁልፉና ከገንዘቡ ጋር መጽሐፉንም እንረካከብ ነበር። የእኔ የአካውንቲንግ መጽሐፍ ጠርዙ የሞተር ዘይት እንደነካው እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለ።

ፈረቃውን ከእኔ የሚረከበው ወዳጄ በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል። አገር ቤት ሳለ አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በቅየሳ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ የፖቶማክን ወንዝ በአውቶቡስ በተሻገርን ቁጥር የጀመረውን ወሬ አቋርጦ የድልድዩን ምሰሶዎች ሲያይ አውቀዋለሁ። ምኞቱ ሲቪል ኢንጂነር መሆን ነበር። እኔ በትምህርቱ አንድ ዓመት ስለቀደምኩት በዕድሜ ታላቄ ሆኖ ሳለ በምክር ታናሼ ሆነ፤ ይህ ደግሞ፣ ልናዘዝና፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ኮሌጃችን ሁለት ዓይነት ፊዚክስ ነበረው። አንዱ በአልጀብራ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን ሌላው ካልኩለስ ይጠይቃል። ሁለቱም ላቦራቶሪ አላቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሴሚስተር አራት ክሬዲት (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ናቸው፤ ስማቸውም ላልጠረጠረ ሰው አንድ ነው። የአልጀብራው ማታ ይሰጣል፤ የካልኩለሱ ግን ወዳጄ በሌላኛው ሥራው ላይ በሚሆንበት በቀን ብቻ ነበር። አንድ ማታ ፈረቃ ስንረካከብ የትምህርት ዝርዝሩን አጥፎ ይዞ መጣና «ይሄ የማታው ይቆጠርልኛል አይደል?» አለኝ። «እኔ ወስጄዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል። ውሰደው፣ አትጨናነቅ» አልኩት። ለማግስቱ ከአድቫይዘር፣ ማለትም ከኮሌጁ የትምህርት አማካሪ፣ ጋር ቀጠሮ ነበረው፤ ለዚያ ብሎ የአንድ ቀን ደመወዝ እንዳያጣ ቀጠሮውን እንዲሰርዝ የመከርኩትም እኔ ነኝ። ሰረዘው።

የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። እኔ የምገባበት የአካውንቲንግ ክፍል ከተማሪው የሚፈልገው ላቦራቶሪ ያለው ማናቸውንም የሳይንስ ኮርስ ነበር፤ ፊዚክስ ይሁን ስለ ድንጋይ የሚያስተምር ትምህርት ግድ አልነበረውም። የወዳጄ ክፍል ግን የሚፈልገው አንዱን ፊዚክስ ለይቶ ነበር። ለእኔ የሆነ ነገር ለእርሱ ላይሆን እንደሚችል አላሰብኩም፤ ቢጠረጥረኝ እንኳ «አላውቅም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘኝ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

በ2000 የጸደይ ወራት የዩኒቨርሲቲው የክሬዲት ግምገማ በፖስታ መጣለት። ወረቀቱን ሳይከፍት ወደ ፓርኪንጉ ይዞት መጥቶ አብረን ከፈትነው። በግራ በኩል ኮሌጅ የወሰዳቸው ኮርሶች፣ በቀኝ በኩል ዩኒቨርሲቲው የሰጣቸው ምትክ ተዘርዝረዋል። ካልኩለሱ በካልኩለስ፣ እንግሊዝኛው በእንግሊዝኛ ተተክቷል። በስምንቱ የፊዚክስ ክሬዲቶች ትይዩ ግን «ኢሌክቲቭ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ጣቱን ቃሉ ላይ አድርጎ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ሲለኝ፣ ክሬዲቱ ቢደመርም የሚፈለግበትን ፊዚክስ እንደማይተካለት ያን ጊዜ በመጠኑ ገብቶኝ ነበር። «ተቀብለውሃል ማለት ነው፤ ይኸው ቁጥሩ ተደምሯል» አልኩት። ከሁለቱ መልሶቼ እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ካለማወቅ የመጣ ነውና። በማግስቱ ጠዋት ዲፓርትመንቱ ጋ ደውል ብለው ኖሮ ቢያንስ ያን ክረምት በከንቱ ባላሳለፈ ነበር።

በነሐሴ ሊመዘገብ ሲሄድ ስታቲክስ የሚባለውን፣ ስለ ኃይሎች ሚዛን የሚያስተምረውን ኮርስ ከለከሉት፤ ያለ ካልኩለሱ ፊዚክስ አይወሰድምና። ኢንጂነሪንግ እንደ ሰንሰለት ነው፤ ያለ ፊዚክስ ስታቲክስ የለም፣ ያለ ስታቲክስ የቁሳቁስ ጥንካሬ ትምህርት የለም፣ ያለ እርሱ ደግሞ ስለ ድልድይና ስለ ሕንፃ የሚያስተምረው የለም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚሰጡት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ የስምንት ክሬዲት ስሕተት የስምንት ክሬዲት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የሁለት ዓመቱ ትምህርት ወደ አራት ተጠጋ። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል፤ ያለባበስኩት እኔ፣ አረሙ የበቀለው ግን በእርሱ ማሳ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጁ ተወለደች። አንድ ሴሚስተር ከገፋ በኋላ «ለጊዜው» ብሎ ታክሲ ጀመረ። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም።

እንግዲህ ልጄ፣ ለጥያቄሽ የምሰጥሽ መልስ ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው የሚል ነው። ኮርስ በራሱ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለአንድ የትምህርት ክፍል፣ ለአንድ ዲግሪ ነው። «ተቀብለናል» እና «ለዲግሪሽ አውለነዋል» የሚሉት ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይጠየቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ ማንኛውም ኮርስ የሚገባበት ክፍት ቦታ በአንዳንዱ ዲግሪ ብዙ ሲሆን፣ እንደ ኢንጂነሪንግ ባለው ግን የለም ማለት ይቀላል። ስለዚህ የምትጠይቂው ከሚሸኝሽ ኮሌጅ ይልቅ የሚቀበልሽን ዲፓርትመንት ይሁን፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ፣ ማለትም ይዘቱን የሚዘረዝረውን ወረቀት፣ አትጣዪ፤ ክሬዲት ሲከለከል መከራከሪያ የሚሆነው እርሱ ነው። ወደ ሥራ ለመግባት የተዘጋጀው የኮሙኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የአፕላይድ ሳይንስ ዲግሪ ብዙ ጊዜ እንዳለ አይዛወርም፤ በነርስነት ግን በእርሱ ፈቃድ አውጥቶ እየሠሩ ባችለሩን በኋላ መጨረስ የተለመደ መንገድ ነው። ለእናንተው ሙያ እንኳ ሕጉ አንድ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ስለ ማጥናትና ስለ ሰዓት ማክበር አልጽፍም፤ እናቶቻችሁ በቂ ብለዋችኋል።

ይህ የእኔና የወዳጄ ብቻ ታሪክ መስሎኝ ነበር። ጂ.ኤ.ኦ የሚባለው የኮንግረሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ ከክሬዲታቸው 43 በመቶ ያህሉን እንዳጡ ገምቷል። የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ወዲያው አሰላሁት፤ 60 ክሬዲት ይዞ ለሄደ ሰው 26 ያህል ነው፣ ማለትም አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው።

ዛሬ መንገዱ እንደ እኛ ጊዜ ጨለማ አይደለም። ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 በጀመሩት አድቫንስ በተባለው መርሐ ግብር ተማሪው ገና ከኮሌጁ ሳለ እስከ ባችለር የሚወስዳቸውን ኮርሶች አስቀድሞ ያያል። ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ሲከለክል ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ አሲስት በሚባለው ድረ ገጽ ኮሌጃችሁንና ዩኒቨርሲቲያችሁን መርጣችሁ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ማየት ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ እያለ የዛሬ ልጆች ቢሮ ገብታችሁ ሰውን ፊት ለፊት መጠየቅ እንደ ቅጣት ታዩታላችሁ፤ ሁሉን ነገር ከስልክ ትጠብቃላችሁ። እንዲህ ስል ግን ራሴን ታዘብኩ፤ ያ ስልክ በዚያ ማታ በወዳጄ ኪስ ውስጥ ቢኖር ኖሮ እኔን ባልጠየቀ ነበር።

ኮሙኒቲ ኮሌጅ ለስደተኛ ልጅ ከሁሉ የተሻለ መነሻ ነው ብዬ በየስብሰባው ተናግሬአለሁ፤ አሁንም አምናለሁ። የራሴን ልጅ ግን በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አስገባኋት፤ ባለቤቴ ይህን በሰው ፊት ታነሣብኛለች፣ መልስም የለኝም። በርካሽነቱ ተስባችሁም አትቆዩበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ 30 ክሬዲት በራሳቸው ዘንድ እንዲወሰድ ያዛሉ፤ የፌዴራል መንግሥቱ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጠው ፔል ግራንት ደግሞ በዕድሜ ልክ 12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ብቻ ነው። ያልተቆጠረላችሁ ኮርስም ከዚያው ላይ ይበላል።

እሑድ ማታ ቤት እንደገባሁ ለወዳጄ ደወልኩለት። ልናገረው የፈለግሁት ነገር ነበር። ታክሲውን ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራን፣ ስለ ቤት ግብርም አወራን። በከተማቸው አዲስ የተሠራ የእግረኛ ድልድይ እንዳለና መጋጠሚያው በደንብ እንዳልተሠራ፣ በእግሩ እየሄደ ሁለት ጊዜ እንዳየው ነገረኝ። እኔም «እህ» እያልኩ ሰማሁት። ፊዚክስ የሚለውን ቃል ሳላነሣ ደህና እደር ተባብለን ስልኩን ዘጋሁ።