ያየሁትን ፊልም ደግሜ ባይ ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አንድ ፊልም ደጋግሜ ሳይ ባለቤቴ «አሁንም እሱን ነው?» እያለች ታበሽቀኛለች። ግን እውነት ሲደጋገም የማይሰለች ፊልም የቱ ነው ትላላችሁ?

መልስ፦ አቦ ደግመህ እይ፣ ምን ችግር አለው! መጨረሻውን ለማወቅ ብቻ የምናየው ፊልም አንዴ ከታየ አለቀ፣ የሚደገመው ሌላ ነው። ሾሌይን ውሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የህንድ ፊልም (ካላየኸው ይቺን ዝለላት)፣ አሚታብ ባችቻን የሚሰራው ጄይ ከጓደኛው ጋር መወሰን ባቃታቸው ቁጥር ሳንቲም ይወረውራል፣ ጓደኝየው ሳንቲሙ ሁለቱም ፊቱ አንድ አይነት መሆኑን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። ይሄን አውቀህ እንደገና ከመጀመሪያው ስታየው ልጁ ለካ ወስኖ ነው የሚወረውረው ትላለህ፣ እያንዳንዷ ውርወራ ሌላ ሆና ነው የምትታይህ። ከ3 ሰዓት በላይ ነው ታዲያ፣ ከቤት መውጣት ለማያስመኝ የድሬ ሙቀት አሪፍ ነው።

ከኛ አገር የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ይመቸኛል፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የተሸለመው። ታሪኩ ወደፊት ወደኋላ ስለሚል አንዴ አይተህ ግር ቢልህ አይገርምም፣ ዋናው ገጸ ባህሪ አንበርብር ጀርመን ምን እንደደረሰበት አውቀህ መንደሩ ሲመለስ ስታየው ነው ፊቱ የሚገባህ።

ሪሞቱን ግን ከባለቤትህ ጋር ተራ በተራ ያዙ። ደሞ ኮሜዲ እየደገምክ ቀልዱን ቀድመህ የምትናገር ከሆነ እኛም ከሷ ጋር ነን!